ያልተፈተሸው ብልቃጥ

«ብልቃጡ ተፈትሿል ወይስ አልተፈተሸም?» አሉ ፕሮፌሰሯ።

ጥያቄው ለገዛ ልጃቸው ነበር። ልጅየው ቀና ብሎ አላያቸውም። ጠረጴዛው ላይ የጠፋበት ነገር ያለ ይመስል ዓይኑን እዚያው ተክሎ አንገቱን ነቅነቅ አደረገ። አዎ፣ ተፈትሿል ማለቱ ነው።

መርፌ ከጠረጴዛው ማዶ ሆና የላይኛው ከንፈሩን አየች። ላብ ችፍ ብሎበታል። ይህን ሰው ታውቀዋለች፤ ዋሽቷል!

መርፌ ያሏት የላቦራቶሪው ሰዎች ናቸው፤ ቅጥነቷንም ምላሷንም አይተው። እሱን ደግሞ ከኋላው «ለስላሳው» ይሉታል፤ ሰው ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅማ። የዶክትሬት ጥናቱን የሚሠራው እናቱ በሚመሩት ላቦራቶሪ ነው፤ የእሱን ናሙናዎች በእጇ የምትሠራለት ደግሞ መርፌ ናት። ሁለቱ እንደሚዋደዱ ግን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም። እሷ የፀጉር አስተካካይ ልጅ ናት፤ የእሱ እናት ስማቸው ሲጠራ አዳራሽ የሚነሳላቸው ሴት ናቸው። «በዚህ ሳምንት ለእማዬ እነግራታለሁ» እያለ ስንት ሳምንት እንዳሳለፈ እሱም እሷም መቁጠር ትተዋል።

አሁን ስለ ብልቃጡ ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ ነገሩ አይገባም። በአንጎላችን ውስጥ ነርቭ ለነርቭ መልእክት የሚልክባቸው ኬሚካሎች አሉ። መልእክቱ ከደረሰ በኋላ ኬሚካሉን ሰባብራ የምትጠርግ ኢንዛይም አለች። እነ ፕሮፌሰሯ የሚያጠኑት ይህች ጠራጊ ሥራ ስታበዛ እጅ ከሚያንቀጠቅጠው በሽታ ጋር ምን እንደሚያገናኛት ነው። ችግሩ ኢንዛይሟ እህት አለቻት። አንደኛዋ ኤ፣ ሁለተኛዋ ቢ ይባላሉ፤ ሲያዩዋቸው መንታ ናቸው። የምትፈለገው ቢ ብቻ ናት። እሷን ለይቶ የሚይዘው አንቲቦዲ ከጥንቸል ደም ይወጣና በትንሽ ብልቃጥ ይመጣል። አንዳንዱ ብልቃጥ ታዲያ ዓይን የለውም፤ ሁለቱንም እህትማማቾች አፍሶ ይይዛል። ለዚህ ነው አዲስ ብልቃጥ ሲከፈት መጀመሪያ በእንግዴ ልጅ ናሙና የሚፈተሸው። እንግዴ ልጅ ውስጥ ያለችው ኤ ናት። ውጤቱ የሚታተምበት ፊልም ላይ ምንም ካልታየ ብልቃጡ ጨዋ ነው፤ ጥቁር መስመር ከወጣ ግን ወደ ቆሻሻ ነው።

መርፌ በሥራ ዘመኗ ሳትፈትሽ የከፈተችው ብልቃጥ አልነበረም። አንድ ቀን ብቻ ለስላሳው መጥቶ «ፈትሼዋለሁ፣ አንቺ ቀጥይ» አላት። ቀጠለች። ብልቃጥ የማታምን ሴት ሰው አመነች፣ ምን ታድርግ!

ውጤቱ ያማረ ነበር፤ ቀድሞ በሌላ ብልቃጥ ከተለኩት ጤነኞች ጋር ሲነጻጸር በታማሚዎቹ ናሙና ላይ ቢ እጥፍ ሆና ታየች። ፕሮፌሰሯ ትልቅ ጉባኤ ላይ አቀረቡት፣ ተጨበጨበላቸው። ከዚያ ተባባሪ ላቦራቶሪዎች በራሳቸው ብልቃጥ ሞከሩት፤ እጥፍ የሚባል ነገር የለም አሉ። ፕሮፌሰሯ የዛሬውን ስብሰባ የጠሩት ያን ውርደት እንደ ትኩስ ፍም በጉያቸው ይዘው ነው።

«እንግዲህ ብልቃጡ ንጹህ ከሆነ፣ ጥፋቱ የእጅ ነው» አሉ መነጽራቸውን እያስተካከሉ። የክፍሉ ሰው ሁሉ ወደ መርፌ እጆች ዞረ። «አንቺ ከዛሬ ጀምሮ ናሙና አትነኪም። እቃ ማጠቢያ ክፍል ግቢ። ከዚያ በኋላ ያለውን አስተዳደሩ ይነግርሻል።»

ለምን እዚያው አላፈረጠችውም ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። መርፌ እኮ ከታክሲ ወርዳ በአደባባይ ሹፌር የምትሰድብ ሴት ናት! ግን ዓይኑን እየጠበቀች ነበር። አንዴ ቀና ይላል፣ አንዴ ያየኛል፣ ይናገራል ብላ ወንበሮች እስኪነሱ፣ ሰው እስኪወጣ፣ በሩ እስኪዘጋ ጠበቀች። ቀና አላለም። ጥርሷን ግጥም አድርጋ ነክሳ ከዚያ ክፍል ወጣች።

* * *

እቃ ማጠቢያ ክፍሉ እንፋሎት ያፈነው ጠባብ ክፍል ነው። ጠርሙስና ቱቦ በገንዳ ተቆልሎ፣ ግድግዳው ላብ ያንጠባጥባል። የክፍሉ ባለቤት እትዬ ሳሙና ናቸው፤ ቤቱን እንደ ራሳቸው ጓዳ ያዩታል። ለመርፌ የጎማ ጓንት ወርውረውላት «አታልቅሺብኝ፣ ውሃ እዚህ ሞልቷል» አሏት።

ለስላሳው ከሰዓት በኋላ ብቅ አለ። በሩ ላይ ቆሞ አንዴ ወደ እሷ፣ አንዴ ወደ አሮጊቷ ያያል።

«እትዬ፣ እባክዎ ለትንሽ ጊዜ ብቻችንን…»

«የት ልሂድ ልጄ? ቤቱ ይኸው ነው» አሉና ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈቱት። «በሉ፣ አልሰማም።» ጆሯቸው ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል።

መርፌ የያዘችውን ጠርሙስ አላስቀመጠችም። «ተናገር» አለችው።

«አልፈተሽኩትም።»

«እሱንማ ላብህ ነገረኝ። ለምን?»

«ያን ዕለት ነው… አባትሽ መንገድ ላይ የወደቁ ዕለት። አንቺ ሥራ ጀምረሽ መልቀቅ አልቻልሽም። እኔ ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። ስመለስ ጊዜው ሄዷል። አንቺ ዓይንሽ አብጦ፣ ከጠዋት ጀምሮ ምንም ሳትቀምሺ… አንድ ነገር እንኳ ልቀንስልሽ ብዬ…»

«ቀነስክልኝ!» ብላ ጮኸች። «ስሜን ቀነስክልኝ! እንጀራዬን ቀነስክልኝ! ‹አልደረስኩበትም› ማለት ያቅታል? ሦስት ቃል አይሞላም እኮ! እኔው ቆሜ እፈትሸው አልነበር?»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም! ቆይ፣ ያኛውስ ይሁን፣ አዝነህልኝ ነው። ዛሬ ጠዋት አንገትህን የነቀነቅከው ምን ልትቀንስልኝ ነው?»

ለስላሳው የበሩን መቃን በጣቱ ፋቀ። «እማዬ ‹የት ነበርክ› ብትለኝ ምን እላለሁ? ስለ እኛ ገና አልነገርኳትም… እሷ ፊት ስቆም የአምስት ዓመት ልጅ ነው የምሆነው። ጊዜ ስጪኝ፣ ቀስ ብዬ አስረዳታለሁ።»

«ገባኝ» አለች መርፌ። ድምጿ ድንገት ዝግ አለ፤ ይሄ ከጩኸቱ ይብሳል፤ እትዬ ሳሙናም ነገሩ ስለገባቸው ቧንቧውን ዘጉት። «የአንድ ጢም ላጭ ክንድ ደግፌ ሐኪም ቤት ወረፋ ይዤ ነበር ማለት አሳፈረህ። እኔ ሥራ አበላሸች ብባል ይሻልሃል።»

«እንደሱ አላልኩም!»

«አንገትህ ብሏል። አሁን ውጣ። እቃ አጥባለሁ፣ ሥራ አለኝ።»

ወጣ። መርፌ አንድ ጠርሙስ አነሳች፣ አሸችው፤ ንጹህ ነው፤ መልሳ አሸችው። እሱን ብትጠላው እንዴት በተገላገለች! ክፋቱ፣ ደረቷ ውስጥ ያለው ነገር ጥላቻ አልነበረም፤ የሚያንገበግባትም እሱ ነው።

* * *

ማታ እራት ላይ ለአባቷ አልነገረቻቸውም ነበር፤ ግን ክፉ ወሬ እግር አያጣም። ከላቦራቶሪው የጥበቃ ሠራተኞች አንዱ የድሮ ደንበኛቸው ነው። በማግስቱ ጠዋት ልትወጣ ጫማዋን ስታስር አባቷ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ጠሯት።

እኚህ ሰው ዕድሜ ልካቸውን መቀስና ምላጭ ይዘው የኖሩ ናቸው። እጃቸው መንቀጥቀጥ የጀመረ ጊዜ ደንበኞቻቸው ወዲያው አልሸሹም፤ ይወዷቸዋል። ጆሯቸውን ግን ይበልጥ ይወዳሉ። አንድ በአንድ ቀሩ። አሁን መስታወቱና ወንበሩ ሳሎን ጥግ ላይ በጨርቅ ተሸፍነው ተቀምጠዋል።

«ነይ እስቲ፣ እጅሽን» አሏት።

«ምን ሆነሃል አባዬ?»

«ስጪኝ ብያለሁ!»

ሁለት እጆቿን ዘረጋች። በሚንቀጠቀጡት እጆቻቸው ያዟቸው፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሯቸው፤ ትንፋሻቸውን ውጠው ጣቶቿን አንድ በአንድ አዩ። ግን የእሳቸው እጅ የእሷንም እያንቀጠቀጠ አላስለይ ስላላቸው ለቀቋት። «ብቻሽን ያዢ። ወደ ፊት ዘርጊ።»

ያን ጊዜ ገባት።

«የእጅ ስህተት ነው አሉ ሲሉ ሰማሁ» አሉ አባቷ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። «ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ ነበር። እኔም ስጀምር እንደዚህ ነው የጀመረኝ፤ መቀስ ሳተኝ፣ ድካም ነው አልኩ… እኔ ነኝ የሰጠሁሽ? ከእኔ ነው የወረስሽው?»

መርፌ እጆቿን ዘርግታ ቀረች። ቀጥ ብለዋል፤ ክር ቢጣልባቸው አይወዛወዝም። አባቷ ግን አላመኑም፤ ሲነጋም ሲመሽም እነዚያን እጆች እንደሚጠብቁ ፊታቸው ላይ ተጽፏል። ብትምል ብትገዘት ዋጋ የለውም። አንድ ሰው አንገቱን ነቀነቀ፤ እዚህ ቤት ደግሞ አንድ አባት እንቅልፍ አጣ። «አይደለም አባዬ» አለች፣ ግንባራቸውን ስማ ወጣች። መንገዱን በሙሉ በቁጣ ደሟ ጆሮዋ ውስጥ እየፈላ ሄደች።

* * *

የፕሮፌሰሯን በር አላንኳኳችም።

«ጨዋታው የእጅ ከሆነ እጄን እዩት» አለች። «የዛሬን ቀን ወንበሬ ላይ ልቀመጥ። ያንኑ ብልቃጥ በእንግዴ ልጅ ናሙና እፈትሻለሁ፤ ሁሉም ቆሞ ይየኝ። ፊልሙ ባዶ ከወጣ ለአስተዳደሩ አታስቸግሩ፣ በእግሬ ሄጃለሁ።»

ፕሮፌሰሯ ከወረቀታቸው ቀና ብለው ረጅም ጊዜ አዩዋት። «በአንድ ሁኔታ» አሉ። «ናሙናውን የምሰጥሽ እኔ ነኝ።»

«እንዲያውም!»

ያን ቀን ላቦራቶሪው ውስጥ ሥራ የሠራ የለም። መርፌ የተፈጨውን ናሙና በረጋው ዝልግልግ ጄል ጉድጓዶች ውስጥ ጠብ ጠብ አደረገች፤ አንዲት ጠብታ ወደ ጎን አልሄደችም። ኤሌክትሪኩን ለቀቀች፣ ወደ ስስ ወረቀቱ አሻገረች፣ ብልቃጡን ከፍታ ወረቀቱን ነከረች፣ አጠበች፣ ደግማ አጠበች። ለስላሳው በሩ አጠገብ ቆሟል። አንድ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተጋጩ። እሷ መጀመሪያ ዞር አላለችም፤ እሱም እንደዚያው። ዓይኑ የሚለምን ዓይን ነበር፤ የእሷ ግን ልመና የሚሰማ አልነበረም።

ፊልሙ ወጣ። ፕሮፌሰሯ ተቀብለው ወደ መብራት አነሱት። በእንግዴ ልጁ ረድፍ ላይ፣ ምንም መታየት በሌለበት ቦታ፣ ጥቁር ወፍራም መስመር ተጋድሟል። ብልቃጡ ሁለቱንም እህትማማቾች ሲያፍስ ኖሯል። ጉባኤ ላይ የተጨበጨበለት እጥፍ፣ ኤ እና ቢ ተደምረው ነው።

«ታዲያ ይህን ማን ነው ፈተሽኩ ያለው?» አሉ ፕሮፌሰሯ ፊልሙን ሳያወርዱ። ጥያቄው ለማንም የተጠየቀ አይመስልም ነበር፤ ለአየሩ ጠየቁት። ማንም ባይመልስላቸው ደስ የሚላቸው ይመስላሉ።

«እማዬ» አለ ለስላሳው።

እዚያ ቤት ውስጥ ልጃቸው ከ«ፕሮፌሰር» ሌላ ብሎ ጠርቷቸው አያውቅም።

«እኔ ነኝ። ሳልፈትሽ ፈተሽኩ አልኳት። እሷ ደግሞ አመነችኝ። አንቺ ስትጠይቂኝም አንገቴን ነቀነቅኩ። እሷን ከወንበሯ ስታስነሺያት ዝም አልኩ። እወዳታለሁ፤ እየወደድኳት ዝም አልኩ።»

«ዝም በል!» አሉ እናቱ።

«ዝም ብያለሁ እኮ!» ብሎ ጮኸ፤ ለስላሳው ጮኸ! አንዱ ተመራማሪ የያዘው ቱቦ ከእጁ አምልጦ ወደቀ። «ዕድሜ ልኬን ዝም ብያለሁ! የዚያን ዕለት የት እንደነበርኩ ልንገርሽ፤ የእሷ አባት ወድቀው ሐኪም ቤት ይዣቸው ሄጄ ነበር። ፀጉር አስተካካይ ናቸው። በሕይወቴ የማላፍርበት ነገር ብሠራ ያን ነው፣ ደብቄው የኖርኩት ደግሞ እሱን ነው!»

ፕሮፌሰሯ ሌሎቹን በእጃቸው ምልክት አስወጡ። ሦስቱ ብቻ ሲቀሩ ለመርፌ፣ «ወደ ሥራሽ ተመለሺ። አልቋል» አሏት።

«አላለቀም። የተባረርኩት ሰው ፊት ነው፤ የምመለሰውም ሰው ፊት ነው። ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ትናንት አንገቱን ሲነቀንቅ መዋሸቱን አላወቁም?»

ፕሮፌሰሯ መነጽራቸውን አወለቁ። ያለ መነጽር ሲያዩዋቸው የደከማቸው አንዲት ሴት ናቸው።

«እናቱ ነኝ» አሉ።

ሌላ አልጨመሩም፤ አላስፈለገምም። አውቀው ነው! የራሳቸውን ልጅ ለማትረፍ የሌላ ሰው ልጅ አውቀው ገደል ከተቱ! መርፌ ምላሷ ላይ የመጣውን ሁሉ ብትለቀው ኖሮ የዚያ ክፍል መስታወት ባልተረፈ። ፕሮፌሰሯ ግን ቀድመዋት ተነሱ፤ በሩን ራሳቸው ከፈቱና ኮሪደሩ ላይ ለተሰበሰበው ሰው፣ «ጥፋቱ የእጇ አልነበረም» አሉ። «የኔ ቤት ጥፋት ነው።» መርፌ ደስ ይለኛል ብላ ጠብቃ ነበር። ደስ አላላትም፤ ምርር አለባት።

* * *

ለስላሳው ውጭ ደረጃው ላይ ደረሰባት።

«ይቅር በይኝ።»

«እኔን ተወኝ። አባቴ ቤት ሂድ። እኚያ ሰው ያወረስኳት በሽታ ነው ብለው እጄን ሲያዩ ነው የሚያድሩት። ሂድና አንተው በአፍህ ንገራቸው።»

አብሯት ሄደ። አውቶቡሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እሱ ሊናገር ሲል እሷ ወደ መስኮት ትዞራለች።

አባቷ እንግዳውን ሲያዩ ፊታቸው በራ። «የኔ ልጅ! ያኔ ክንዴን ይዞኝ የዋለው ልጅ እኮ ነው!» ብለው ሊነሱ ሲሉ፣ «አይነሱብኝ አባባ» አላቸው። አልተቀመጠም፤ ቆሞ ሁሉንም ነገራቸው። ብልቃጡን፣ ውሸቱን፣ ዝምታውን፤ የእርስዎን መውደቅ እንኳ ምክንያት ላደርገው ነበር ብሎ ነገራቸው። «የልጅዎ እጅ ምንም አልሆነም፤ እሷም ደህና ናት። እኔ ነኝ የበደልኳት።»

ሽማግሌው መጀመሪያ ወደ ልጃቸው እጆች አዩ። ትንፋሻቸው ከሆዳቸው ድረስ ወጣ፤ «ተመስገን» አሉ በሹክሹክታ። ከዚያ ፊታቸው ተቀያየረ። የአልጋውን ጠርዝ ይዘው ተነሱ፤ እጃቸው፣ ትከሻቸው፣ መላ ሰውነታቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ በበሽታው ብቻ አልነበረም።

«አንተ! ልጄ እንደኔ ልትሆን ነው ብዬ ሞትን የተመኘሁት ባንተ ዝምታ ነው? ክንዴን ደግፈህ ልጄን ጣልካት? ወንድ ነኝ ብለህ ነው እዚህ ፊቴ የቆምከው? ውጣ! ውጣልኝ ከቤቴ! ሁለተኛ በዚህ በር…»

ለስላሳው አንገቱን ደፍቶ ወደ በሩ ዞረ። ልክ ናቸው።

መርፌ መቼ እንደተነሳች አታውቅም። ብቻ ራሷን በሁለቱ መካከል ቆማ አገኘችው፤ ጀርባዋ ወደ እሱ፣ ፊቷ ወደ አባቷ ነው።

«ተው አባዬ! እሱን የምቆጣው እኔ ነኝ!»

አባቷ ወደ በሩ የዘረጉትን እጅ አወረዱ።

«ገና አልጨረስኩም» አለች እየተንተባተበች፣ እንባዋ ከቁጣዋ ቀድሟት። «ዛሬም አልጨርስም፣ ነገም አልጨርስም። ምናልባት ስናረጅም እነሳበታለሁ። ግን የኔ ነው። እሱን መቆጣት የኔ ነው፣ ለአንተም ቢሆን አልሰጥህም!»

አባቷ አዩዋት። ከትከሻዋ በላይ ልጁን አዩት። ቀስ ብለው አልጋው ላይ ተቀመጡ፤ ፊታቸው ላይ ሳቅም ለቅሶም ያልሆነ ነገር ዞረ።

«እንግዲያው ና ተቀመጥ» አሉት ወንበር እየጠቆሙ። «ተቀመጥና ስማት።»

ተቀመጠ፤ አሁን ቀና ብሎ ያያታል። መርፌ ፊቱ ቆመች። የምትለው ነገር ተራራ ያህል ነበር፤ ከየት እንደምትጀምረው ግን ጠፋት። ቁጣውና ፍቅሩ አንድ ላይ ገንፍለውባት፣ በእጇ አጠገቧ ያለውን ጠረጴዛ መታችና እዚያው እሱ ፊት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።